በመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የሚወጣው ነጭ መስመር
(ለተከራይም ለባለቤትም የሚሆን ምክር)

በደብረ ማርቆስም ሆነ በአማኑኤል፣ በሉማሜ፣ በደጀን ወይም በደምበጫ ቤት የሠሩ ወይም የተከራዩ ሰው ከሆኑ በዚህ ሳምንት የምንነጋገርበት ጉዳይ እንግዳ አይሆንብዎትም። ይኸውም በመታጠቢያ ቤት ወለልና ግድግዳ ላይ በተደረደረው ሴራሚክ መካከል፣ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ እየወጣ የሚታየው ነጭ ነገር ነው። ጠዋት አጥበው ሲወጡ ጠፍቷል። ማታ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወለሉ ደርቆ፣ ነጩ መስመር እንደ ቀድሞው ተዘርግቶ ይጠብቅዎታል።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በብዙ ግቢዎች ውስጥ የቅያሜ ምክንያት ሆኖአል። አከራይዋ ብቅ ብለው ወለሉን ያዩና «ልጄ፣ ይህን ቤት ስሰጥህ እንደ መስተዋት ነበር፤ ምነው እንዲህ አደረግኸው?» ይላሉ። ተከራዩም «እትዬ፣ እኔኮ በየቀኑ አጥባለሁ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሴትዮዋ ቤቱን ሲያከራዩ ወለሉ ንጹሕ ነበር፤ ልጁም በየቀኑ ያጥባል። እንዲያውም ነጩ ነገር የበዛው በየቀኑ ውሃ እየደፋ ስለሚያጥበው ሊሆን ይችላል። ይህን ግን ሁለቱም አያውቁም፤ ስለዚህ አንዱ ስለ ስሙ፣ ሌላዋ ስለ ንብረታቸው ይከራከራሉ። ቤቱ ሲለቀቅም በመያዣነት የተቀመጠው የኪራይ ገንዘብ የክርክሩ መዝጊያ ይሆናል።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛም ከሥሩ እንጀምር።

ነጩ ነገር ከየት ይመጣል?

ሲሚንቶ በተለይ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይና ከሸክላ አፈር ነው። ሁለቱ ተፈጭተው 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያህል ሙቀት ይቃጠላሉ፤ ከዚያም ጥቂት የጀሶ ድንጋይ ተጨምሮበት እንደ ገና ይፈጫል። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ጎሐ ጽዮን ለመሻገር የዓባይን ሸለቆ የወረደ መንገደኛ፣ ከላይ ካለው ጥቁር ድንጋይ በታች የኖራ ድንጋዩና የጀሶ ድንጋዩ ተደራርቦ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሲታይ ሳይመለከት አልቀረም። ለሲሚንቶ የሚሆነው ዋና ነገር ይኸው ነው። «ፖርትላንድ ሲሚንቶ» የሚለውን ስም ያወጣውና በ1824 እ.ኤ.አ. የባለመብትነት ማረጋገጫ የተቀበለበት እንግሊዛዊው ግንበኛ ጆሴፍ አስፕዲን ነበር።

ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው መጠንከር ይጀምራል። በሚጠነክርበት ጊዜ በውስጡ ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ የራሰ ኖራ ነው፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በሚለው ስሙ ያውቁታል። ከጠነከረው ሲሚንቶ ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ይህ ኖራ ነው። ጉድለት አይደለም፤ የሲሚንቶ ጠባዩ ነው። ታዲያ ውሃ በመገጣጠሚያው ቀዳዳዎች ሰርጎ ሲገባ ከዚህ ኖራ ጥቂቱን ያሟሟና ይይዛል። ወለሉ መድረቅ ሲጀምር ውሃው ወደ ላይ ተስቦ በአየር ይተንናል፤ ኖራው ግን መትነን ስለማይችል ከላይ ይቀራል። በአየር ውስጥ ካለው የካርቦን ጋዝ ጋር ሲገናኝም ወደ ነጭ ድንጋይነት ይለወጣል። ይህ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ማለት ነው። እንግዲህ ከድንጋይ የተነሣው ኖራ በእሳትና በውሃ ዞሮ፣ በመታጠቢያ ቤትዎ ውስጥ ተመልሶ ድንጋይ ሆነ ማለት ነው።

ይኸው ለውጥ በሌላ ቦታ ሲሆን የሚመሰገን ነው። የጎንደር ነገሥታት ሕንጻዎች፣ በጢስ ዓባይ አጠገብ የሚገኘውም የአላታ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠሩት በኖራ ነው። በድንጋዮቹ መካከል የተደረገው ኖራ ከአየሩ ጋር እየተዋሐደ ስለ ደነደነ ግንቡ እስከ ዛሬ ተያይዞ ይታያል። በእኛ ወለል ላይ ግን ያው ኖራ ከውስጥ መቀመጥ ሲገባው ወደ ውጭ ወጥቶ ስለሚደነድን ያስቸግረናል።

ከኖራው ሌላ በአሸዋው፣ በውሃውና በሲሚንቶው ውስጥ የሚገኙ ጨዎችም እንዲሁ ይወጣሉ። እነዚህ በውሃ በቀላሉ ስለሚሟሙ እርጥብ ጨርቅ ያነሣቸዋል። ወደ ድንጋይነት የተለወጠው ኖራ ግን በተራ ውሃ አይነሣም።

የደጋው ብርድ ምን ያደርጋል?

ስኳርም የምግብ ጨውም በሙቅ ውሃ ውስጥ ፈጥነው እንደሚሟሙ ሁላችንም እናውቃለን። ኖራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቅ ውሃ ይበልጥ ኖራን ያሟሟል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የቧንቧው ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ክረምት ደግሞ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ወለል ቶሎ አይደርቅም። በዚህ ምክንያት ውሃው በመገጣጠሚያው ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ኖራውንም ይዞ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመጣል። ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ፀሐይ ሲወጣና ቤቱ ሲደርቅ፣ በክረምቱ ወራት የተከማቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል። ብዙ ሰው «መስቀል ካለፈ በኋላ ወለሉ ነጣብኝ» የሚለው ስለዚህ ነው።

ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም

አንባቢ ሆይ! መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ሕመሙ ይመረመራል። በመታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚታየው ነጭ ነገር ቢያንስ ከአምስቱ አንዱ ነውና በመጀመሪያ ለይተው ይወቁት።

1ኛ/ ከውስጥ የወጣ ኖራና ጨው። ይህ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ብቻ፣ እንደ ዱቄት ወይም እንደ ስስ ቅርፊት ሆኖ ይታያል። ሲረጥብ ይጠፋና ሲደርቅ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚበዛው ውሃ በሚያቁርበት ዝቅተኛ ቦታና በግድግዳው ሥር ነው።

2ኛ/ ውሃው ራሱ ያመጣው ድንጋይ። ይህ በመስመሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በሴራሚኩ ፊት፣ በቧንቧው አፍና በባልዲው ጠርዝም ላይ ይለጠፋል። የማንቆርቆሪያዎን ውስጥ ይመልከቱ፤ በታቹ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃዎ ድንጋይ የሚጥል ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሳሙናም በደንብ አያረፋበትም።

3ኛ/ የሳሙና ቅሪት። የገላ ሳሙና ድንጋይ ከሚጥል ውሃ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጭ ወይም ግራጫ ዝቃጭ ይሠራል። በጥፍር ሲነካ እንደ ቅባት ይላላጣል፤ የሚገኘውም ሰው ቆሞ በሚታጠብበት ዙሪያ ነው።

4ኛ/ ሠራተኛው የተወው የሲሚንቶ ጭጋግ። ይህ ሴራሚኩ ከተነጠፈበት ቀን ጀምሮ ያለና የሴራሚኩን ፊት እንደ ጉም የሚሸፍን ነው። መገጣጠሚያው ከተሞላ በኋላ ፊቱ በጊዜው ባለመጠረጉ የመጣ ነው።

5ኛ/ ቀለሙ የጠፋ መገጣጠሚያ። መስመሩ ነጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ቢፍቁት የሚነሣ ነገር የለውም። ሲሚንቶው በብዙ ውሃ በመቀጠኑ ቀለሙ ሳስቷል ማለት ነው። ይህን የትኛውም ማጠቢያ አይመልሰውም።

ለመለየትም ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ወለሉ ደርቆ ሳለ በቢላዋ ጫፍ ከነጩ ነገር ጥቂት ፍቀው በሸክላ ሳህን ላይ ያድርጉና አንድ ጠብታ የሎሚ ጭማቂ ያንጠባጥቡበት። አረፋ አውጥቶ ከተንፈቀፈቀ የኖራ ድንጋይ ነው። ምንም ካላለና እንደ ቅባት ከሆነ የሳሙና ቅሪት ነው። ሎሚውን በቀጥታ በወለሉ ላይ ቢያንጠባጥቡት ግን የመገጣጠሚያው ሲሚንቶ ራሱ ሊያረፋና ሊያሳስትዎ ስለሚችል በሳህን ላይ ማድረጉ ይሻላል።

እንዴት ይነሣል?

በመጀመሪያ በደረቁ ይጀምሩ። ብዙ ሰው ነጭ ነገር ሲያይ ባልዲ ውሃ አንሥቶ ይደፋል። ይህ ግን ኖራውንና ጨውን አሟሙቶ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ነገ ሲደርቅም ይወጣል። ስለዚህ ወለሉን አንድ ቀን ያህል ካደረቁ በኋላ በጠንካራ የላስቲክ ብሩሽ መስመር መስመሩን ይፈትጉ። የወጣውን ዱቄት በመጥረጊያ ሰብስበው ይጣሉት። የብረት መፈተጊያ አይጠቀሙ፤ ሴራሚኩን ይጭራል፤ የሚሰባበረው ቁራጭም በመስመሩ ውስጥ ገብቶ ይዝጋል። ገና አዲስ የወጣ ከሆነ ይህ ብቻ ሊበቃ ይችላል።

በደረቁ ያልተነሣውን በአቼቶ ያነሡታል። አንድ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ይበርዙ፤ አቼቶ ከሌለ የተጣራ የሎሚ ጭማቂ ይሆናል። ከዚያ አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሀ/ መስኮቱን ይክፈቱ፤ የእጅ ጓንት ያድርጉ።

ለ/ መስመሩን አስቀድመው በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ያርጥቡት። ይህ የሚደረገው አቼቶው ወደ ውስጥ ሰርጎ ጤናማውን ሲሚንቶ እንዳይበላ ነው።

ሐ/ የተበረዘውን አቼቶ በመስመሩ ላይ ብቻ በብሩሽ ይቀቡት። አምስት ደቂቃ ያህል ይቆዩ፤ ከዚያ በላይ አይተዉት።

መ/ በላስቲክ ብሩሽ ፈትገው በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ይጥረጉ።

ሠ/ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙተው ይጥረጉበት፤ የቀረውን አሲድ ያበርደዋል። ከዚያ እንደ ገና በንጹሕ ውሃ ይጥረጉ።

ረ/ በመጨረሻ በደረቅ ጨርቅ ውሃውን ጨርሰው ያንሡ። ይህን ካልፈጸሙ ከላይ ያሉት ሁሉ ግማሽ ሥራ ይሆናሉ።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ከበሩ ኋላ ባለ አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ ይሞክሩት። አቼቶ የኖራ ድንጋዩን ሲያነሣ ሲሚንቶውንም ጥቂት በጥቂቱ ይበላልና በየሳምንቱ የሚደረግ ነገር አይደለም። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ወለሉ ወይም መደርደሪያው እብነ በረድ ከሆነ ደግሞ አቼቶም ሎሚም ከቶ አይንካው፤ እብነ በረድ ራሱ ከኖራ ድንጋይ ወገን ስለሆነ ፊቱ ይበላል፣ ውበቱም ይጠፋል።

የሳሙና ቅሪት ከሆነ አቼቶ ከመጠቀም በፊት ሙቅ ውሃና ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይሞክሩ። ቅባቱን የሚያነሣው ይህ ነው።

በበረኪና ላይ የተሰጠ ብርቱ ማስጠንቀቂያ

እዚህ ላይ አንባቢያችን ልብ ብለው እንዲያነቡን እንለምናለን። የቀረው ሁሉ ስለ ወለል ነው፤ ይህ ግን ስለ ሕይወት ነው።

በአገራችን ቤት ለማጽዳት ሲታሰብ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው በረኪና ነው። በረኪና ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ሻጋታንም ያነጣል። የኖራ ድንጋይን ግን ምንም አያደርገውም። እንዲያውም በረኪና ሲደርቅ የራሱን ጨው በወለሉ ላይ ትቶ ስለሚሄድ ነጩን ይጨምራል። «በረኪና ባፈስስበትም አልለቀቀም» የሚል ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው።

አደጋው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በረኪናው አልሠራም ብሎ በላዩ አቼቶ፣ ሎሚ ወይም የሽንት ቤት ማጽጃ ፈሳሽ የሚጨምር ሰው አለ። ከሽንት ቤት ማጽጃዎች ብዙዎቹ አሲድ ያለባቸው ናቸው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በሚያዝያ ወር 1915 እ.ኤ.አ.፣ በቤልጅግ አገር በኢፕር የጦር ግንባር የጀርመን ጦር በጠላቱ ላይ የለቀቀው ጋዝ ይኸው ክሎሪን ነበር። በቤት ውስጥ የሚወጣው መጠኑ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን መታጠቢያ ቤት ጠባብ ነው፤ በብርድ ምክንያት መስኮቱ ተዘግቷል፤ የሚያጸዳውም ሰው ጎንበስ ብሎ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ የሚተኛው ወደ ታች፣ ማለት ፊቱ ወዳለበት ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ያንቃል፣ ሳንባንም ይጎዳል። አስም ላለበት ሰው ደግሞ ክፋቱ ይብሳል።

ስለዚህ በረኪናን ከውሃ በስተቀር ከምንም ነገር ጋር አይቀላቅሉ። ትናንት በረኪና ያፈሰሱበትን ወለል በብዙ ውሃ ሳያጥቡና ሳያደርቁ ዛሬ አቼቶ አያድርጉበት። በቤት ሠራተኛ የሚያሠሩ ከሆነም ይህን በቃል ያስረዱ፤ ጠርሙሶቹንም ለየብቻ ያስቀምጡ። እሷ በማታውቀው ነገር እንድትጎዳ ማድረግ ከባድ ጥፋት ነው። በስሕተት ተቀላቅሎ የሚያንቅ ሽታ ከወጣ ለመጥረግ አይቆዩ፤ ፈጥነው ይውጡ፤ ንጹሕ አየር ወዳለበት ይሂዱ፤ በሩንም ለአየር ክፍት ይተዉት። ዓይን ከተቃጠለ 15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካልተወ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ከግንባታ ዕቃ ሱቅ የሚገኘውን ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ለዚህ ሥራ አንመክርም። ነጩን በአንድ ጊዜ ያነሣል፤ ግን መገጣጠሚያውን አብሮ ይቦረቡረዋል፤ የተቦረቦረው መስመርም ውሃ እንደ ልብ ስለሚያስገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ከቀድሞው የባሰ ነጭ ይመጣል።

እንዳይመለስ ምን ይደረግ?

ማንሣት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እንዳይመለስ ማድረግ ግን የየቀኑ ልማድ ይፈልጋል። ነጩ ነገር እንዲወጣ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ኖራ፣ ውሃ፣ ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ። ኖራውን ከሲሚንቶው ለይተን ማውጣት አንችልም። ስለዚህ ዘመቻችን በውሃውና በቀዳዳው ላይ ይሆናል።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ቢሠራም በዚህ ጉዳይ ደግሞ ቃል በቃል ይሠራል። ታጥበው ሲጨርሱ ውሃው ሳይደርቅ በላስቲክ መጥረጊያ ወደ ማፍሰሻው ይግፉት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ውሃ ሲቋረጥ ከሮቶ ወይም ከጀሪካን ቀድተው በሳፋ የሚታጠቡ ከሆነ በወለሉ ላይ የሚደፋው ውሃ ብዙ ስለሆነ ይህ ልማድ ይበልጥ ያስፈልግዎታል። ከታጠቡ በኋላ መስኮቱን ለጥቂት ጊዜ ይክፈቱ። ብርዱ ቢያስቸግርም ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ መክፈት ይቻላል። እርጥብ ልብስና ሳፋ በወለሉ ላይ እንዲያድር አይተዉ።

ቤት እየሠሩ ላሉ፣ ወይም መገጣጠሚያውን አስነሥተው እንደ ገና ለማስሞላት ላሰቡ ደግሞ የሚከተለውን እንመክራለን።

ሱቆች «ግራውት» እያሉ የሚሸጡት የመገጣጠሚያ ሲሚንቶ ሲበጠበጥ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። ድብልቁ እንደ ገንፎ ወፈር ያለ እንጂ እንደ አጥሚት የሚፈስ አይሁን። የበዛው ውሃ ሲተንን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ኖራው የሚወጣውም በዚያ ነው። ሠራተኞች ሥራው እንዲቀልላቸው ውሃ ማብዛት ስለሚወዱ ባለቤቱ ቆሞ ይመልከት። የሚበጠበጥበት ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ንጹሕ ይሁን።

ሴራሚኩ የተለጠፈበት ሲሚንቶ ሳይደርቅ መገጣጠሚያው አይሞላ። በደጋ አገር አንድ ቀን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሁለትና ሦስት ቀን መታገሥ ይገባል። በክረምት ከዚያም በላይ ይሆናል። ከተሞላ በኋላ ፊቱ በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅ ይጠረግ እንጂ ውሃ አይፈስስበት።

ወለሉ ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል አለበት። በአንድ ሜትር ርዝመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ ይበቃል። ከሴራሚኩ በታችም ውሃ የማያሳልፍ ልባስ እንዲቀባ ያድርጉ። ይህ ልባስ ከዓይን ስለሚሰወር ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ይተወዋል፤ ኋላ ግን ሴራሚኩን ሁሉ አስነሥቶ ከመሥራት በጣም የረከሰ ነው። ውሃ በሚነካው ግድግዳ ላይ ከሴራሚኩ ኋላ ጀሶ አይደረግ። ጀሶ በውሃ እየሟሟ የራሱን ጨው ያወጣል፤ ሴራሚኩም ከግድግዳው ይላቀቃል።

መገጣጠሚያው ጠንክሮ ከደረቀ በኋላ፣ አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ የመገጣጠሚያ መከላከያ ፈሳሽ ቢቀባ ውሃ እንደ ልብ አይሰርግበትም። ነገር ግን ነጩ ሳይነሣና ውስጡ ሳይደርቅ ቢቀባ እርጥበቱን ከውስጥ ይዘጋበታልና አይቸኩሉ። አቅም ላለው ሰው ኢፖክሲ የተባለው መሙያ አለ፤ ሲሚንቶ ስለሌለበት ከራሱ ኖራ አያወጣም። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ሥራውም የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ነጩ ነገር የሚነግረን ምስጢር

ይህን ሁሉ አድርገው ነጩ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ እየደጋገመ ቢመለስ ከሥር የሚመጣ ውሃ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። የተቀበረ ቧንቧ ያፈስ ይሆናል፤ ወይም የመሬቱ እርጥበት ወደ ላይ ይሳብ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ሁለት ፈተና አለ።

የመጀመሪያው እንዲህ ነው። ወለሉ በደረቀ ጊዜ አንድ ቁራጭ ላስቲክ በዚያ ቦታ ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ይለጥፉ። በማግሥቱ ሲያነሡት ከላስቲኩ በታች ጤዛ ካለ ውሃው የመጣው ከሥር ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቧንቧ ፈተና ነው። በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ይዝጉ፤ የሮቶው መግቢያም ይዘጋ። የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጽፈው ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ይዩት። ማንም ሳይጠቀም ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ውሃው በሆነ ቦታ ይፈስሳል፤ ሒሳቡንም በየወሩ እየከፈሉት ነው።

በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ነገሩ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከወለልዎ ሰርጎ የወረደ ውሃ የታችኛው ጎረቤት ጣራ ላይ ይወጣል። በሲሚንቶው ውስጥ ያለውን ብረትም ከጊዜ በኋላ ያዝገዋል፤ የዛገ ብረት ስለሚያብጥ ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል። ከታች ያሉት ሰዎች ለአቤቱታ ከመምጣታቸው በፊት አስቀድሞ ሄዶ «ጣራችሁ ላይ እርጥበት አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የመልካም ጎረቤት ሥራ ነው።

ስለ ተከራይና ስለ አከራይ

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ክርክር እንመለስ። ነገሩ ከታወቀ ፍርዱ ቀላል ነው። የሳሙና ቅሪትና ውሃው የጣለው ድንጋይ ከየዕለቱ አያያዝ የሚመጡ ስለሆኑ ማጽዳቱ የተከራዩ ነው። የሲሚንቶ ጭጋግ፣ ከሥር የሚመጣ እርጥበት፣ የሚያፈስ ቧንቧና ያላዘነበለ ወለል ግን ከቤቱ አሠራር የመጡ ናቸውና የባለቤቱ ናቸው። ከውስጥ የወጣው ኖራ በሁለቱ መካከል ይሆናል፤ ወለሉን ማድረቅ የተከራዩ፣ መገጣጠሚያውን ማሳደስ የባለቤቱ።

ወጣት ተከራይ ሆይ! ቤት በሚረከቡበት ቀን፣ ዕቃዎን ከማስገባትዎ በፊት፣ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ደርቆ ሳለ ይመልከቱ። እርጥብ ወለል ነጩን ይደብቃልና «አሁን ታጥቦ ነው» ቢባሉ ሲደርቅ ተመልሰው ይዩት። በስልክዎ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ የታየውንም ጉድለት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ከአከራዩ ጋር ይፈራረሙ። ይህ አለመተማመን አይደለም። ዓመት ካለፈ በኋላ ማስታወስ የማይቻለውን ወረቀቱ ያስታውሳል፤ ስምዎንና ገንዘብዎንም ይጠብቃል። የቤት ባለቤቶችም «ልጁ አበላሸው» ከማለታቸው በፊት የላስቲኩንና የቆጣሪውን ፈተና ቢያደርጉ ጥሩ ተከራይ ከማጣት፣ ቤታቸውንም በውስጥ ከሚበላ እርጥበት ይድናሉ።

በዚህ ሳምንት ሊጀምሩ ያሰቡ አንባቢያችን የሚያስፈልግዎት አንድ የላስቲክ ብሩሽ፣ አንድ የላስቲክ መጥረጊያ፣ አንድ ጠርሙስ ነጭ አቼቶ፣ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳና ሁለት ጨርቅ ብቻ ነው። ዓርብ ማታ ከታጠቡ በኋላ ወለሉን አድርቀው ይደሩ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ የሳህኑን ፈተና አድርገው ሥራዎን ይጀምሩ። በረኪናው ግን በመደርደሪያው ላይ እንዳለ ይቆይ።

መልካም ሥራ!